አንጀታችን ውሃውን «ያዝ» ወይም «ልቀቅ» የሚባለው በማን ነው? (ጥያቄና መልስ)

ፊዚዮሎጂ የሚያስተምሩት አባላችን ቅዳሜ ከሰዓት አራት ኪሎ አካባቢ ቡና ይዘው ተቀምጠው ስለ ትልቁ አንጀት ጥያቄ ተቀብለዋል። ጠያቂዎቹን በሰፈራቸው ጠርተናል።

ከካዛንቺስ፦ ዶክተር፣ ትልቁ አንጀት በቀን ምን ያህል ውሃ ይመጥጣል?

ዶክተር፦ በቀን 9 ሊትር ያህል ፈሳሽ ትንሹ አንጀት ይገባል። የበላነውና የጠጣነው 2 ሊትር ቢሆን ነው። ሌላው ምራቅ፣ ሐሞት፣ የጨጓራና የቆሽት ፈሳሽ ነው። ትልቁ አንጀት የሚደርሰው 1.5 ሊትር ገደማ ሲሆን፣ በሰገራ የሚወጣው ሁለት የቡና ሲኒ ቢሞላ ነው።

ከስድስት ኪሎ፦ ሆርሞንና ነርቭ ምን አገባቸው?

ዶክተር፦ ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር! ሰው አንጀትን እንደ ስፖንጅ ያስበዋል። ውሃ ግን ጨውን (ሶዲየምና ክሎራይድን) ነው የሚከተለው። ጨው ወደ ደም ከገባ ውሃም ይገባል፤ ጨው ወደ አንጀት ከወጣ ውሃም ይወጣል። አንጀት ግድግዳው ውስጥ የራሱ የነርቭ መረብ አለው። ነርቮቹ ቪአይፒ የሚባል ፔፕታይድ (መልእክት የሚያደርስ ትንሽ የፕሮቲን ቁራጭ) ሲለቁ (ስታዲየም ክቡር ትሪቡን እንዳይታያችሁ) የክሎራይድ በር ይከፈታል፣ ውሃውም ይከተላል። ሳይድና ሙት የተባሉ ተመራማሪዎች በ1970 ከአሳማ አንጀት ያወጡት እሱን ነው። በሌላ ወገን ኒውሮፔፕታይድ ዋይ፣ ሶማቶስታቲንና ኤንኬፋሊን የሚባሉ መልእክተኞች «ያዝ» ይላሉ። ከበላን በኋላ የአንጀት መጨረሻ የሚለቀው ፔፕታይድ ዋይዋይም ከእነሱ ጋር ነው። ከኩላሊት በላይ ካለው እጢ የሚመጣው አልዶስቴሮን ደግሞ ሶዲየም አስገብቶ ፖታሲየም ያስወጣል።

ጉልበቱን ማየት ከፈለጋችሁ፣ ቪአይፒ የሚያመርት ዕጢ የያዘው ሰው ምንም ሳይበላ ውሎ እንኳ በሊትር ያስቀምጠዋል። ፖታሲየሙም ይወርዳል። ቨርነርና ሞሪሰን የተባሉ ሐኪሞች በ1958 ጽፈውታል።

ከመርካቶ፦ ሆዴን ያመኛል፣ ምን ይሻለኛል?

ዶክተር፦ የቱ ጋ? ከመቼ ጀምሮ? እንዲህ አይጠየቅም። ሐኪም ጋ ሂድ።

ከፒያሳ፦ እኔ ማኪያቶ ከጠጣሁ ቀጥታ ሽንት ቤት ነው።

ከካዛንቺስ፦ ወተቱ ነው።

ከፒያሳ፦ ባክህ ቡናው ነው! የድሮ ፒያሳ ማኪያቶ እንዲህ አያደርግም ነበር።

ከካዛንቺስ፦ ፒያሳ ራሷስ የታለች?

ዶክተር፦ ቡና ትልቁን አንጀት ያንቀሳቅሰዋል። የወተት ስኳር የማይፈጭለት አዋቂም ሞልቷል። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ በቃ።

ከልደታ፦ ሎፔራሚድስ፣ የተቅማጥ ማስቆሚያው መድኃኒት?

ዶክተር፦ ኤንኬፋሊን የሚያርፍበት ቦታ ላይ ያርፋል። አንጀቱ ይዘገያል፣ ፈሳሹም ለመመጠጥ ጊዜ ያገኛል። ግን ደም ወይም ትኩሳት ካለ አትዋጡ! ተህዋሲውን ውስጥ ታስቀሩታላችሁ። መጀመሪያ ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጠውን የስኳርና የጨው ዱቄት) ጠጡ። ስኳሩ ሶዲየሙን ይዞት የሚገባው በትንሹ አንጀት ነው፤ ያ በር በተቅማጥ ጊዜም ይሠራል።

ከመርካቶ፦ ስለ ሆርሞኖቹ ትንሽ ቢያብራሩልን?

ዶክተር፦ ከላይ አለ። አንብብ።

ከልደታ፦ ሎፔራሚዱን አንድ ልዋጥ ሁለት?

ዶክተር፦ ደም አለው?

ከልደታ፦ ትንሽ።

ዶክተር፦ ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ? ተነስ፣ ጤና ጣቢያ!