ቀዳዳው ከተደፈነ በኋላ፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ቤተሰብ። ከልብ ችግር ጋር ተወልዳችሁ ላደጋችሁ ሁሉ «ጠይቁኝ» ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። እኔ ነርስ ነኝ፣ ሐኪም አይደለሁም። ደረቴ ላይም የእናንተው ዓይነት ጠባሳ አለ። የመድኃኒት መጠን አልነግራችሁም፤ እሱን የሚወስነው ኢኮአችሁን (የልብ አልትራሳውንዳችሁን) ያየ ሐኪም ነው።

«በ8 ዓመቴ እስራኤል ሄጄ ተሠራሁ፤ ወረቀቱ ቴትራሎጂ ኦፍ ፋሎት ይላል። አሁን 27 ነኝ። ኳስ እጫወታለሁ፣ ምንም አይሰማኝም። ኢኮ ከተነሳሁ 11 ዓመት ሆነኝ። የግድ ልሂድ?»

ሂድ ወንድሜ። በዚህ ወር ሂድ።

ቴትራሎጂ ማለት ስትወለድ ልብህ ውስጥ ቀዳዳ ነበር፣ ከቀኝ ልብህ ወደ ሳንባ የሚወስደው መንገድም ጠባብ ነበር ማለት ነው። ሐኪሞቹ ቀዳዳውን ደፈኑ፣ ጠባቡን አሰፉ። መንገዱ ሲሰፋ ብዙ ጊዜ ቫልቩም፣ ማለትም ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋው በር፣ ይነካል። ስለዚህ ወደ ሳንባ የተላከው ደም ከፊሉ ተመልሶ ይፈሳል። የቀኙ የልብ ክፍል ይህን ለዓመታት ይችለዋል፤ ድምፁን ሳያሰማ እየተለጠጠ ይሄዳል። «ምንም አይሰማኝም» የምትለውም ለዚያ ሊሆን ይችላል። ደረጃ ስትወጣ ማለክለክ እስክትጀምር ከጠበቅክ ቫልቩ ቢቀየርም ልብህ ወደ ልኩ ላይመለስ ይችላል።

ይህን ጥገና መጀመሪያ የሠሩት እነ ዶክተር ሊለሃይ ናቸው፤ በ1954 እ.ኤ.አ.፣ አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ። የቫልቩ ጣጣ በደንብ የታወቀው ግን የተሠሩት ልጆች ትልልቅ ሰዎች ሲሆኑ ነው። ወላጆቻችን «ድኗል» ሲባሉ እልል ብለው ይዘውን ገቡ። ማን ይፈርድባቸዋል!

ኢኮና ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ተነሳ፤ ከተገኘ ኤምአርአይም። ቫልቭ መቀየር ካለበት ለአንዳንዱ ሰው ደረት ሳይከፈት በእግር ደም ሥር ገብተው ይሠሩለታል። ልብህ በድንገት መሮጥ ከጀመረና ራስህን ከሳትክ ግን ቀጠሮ የለም፤ ያኑ ቀን ድንገተኛ ክፍል።

«የልጆች ሐኪሜ አድገሻል ብሎ ሸኘኝ። የአዋቂዎቹ ደግሞ ምን እንደተሠራሽ አላውቅም አለኝ። ወረቀቴ ጠፍቷል፣ እማዬም ከ‹ቀዳዳ ነበር› ሌላ አታውቅም።»

ይህ የብዙዎቻችን ታሪክ ነው። አሜሪካ እንኳ ለእኛ ዓይነት አዋቂዎች የተለየ የስፔሻሊስት ፈተና መስጠት የጀመረችው በ2015 እ.ኤ.አ. ነው። እኛ አገር የአዋቂ ልብ ሐኪም አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው በሪውማቲክ (ከጉሮሮ ሕመም በሚነሳ የልብ በሽታ) የተጎዳ ቫልቭና ደም ግፊት ነው። ስለዚህ ታሪክሽን ይዘሽለት መሄድ ያለብሽ አንቺ ነሽ። የሠራሽን ሆስፒታል ወይም የላከሽን ድርጅት የኦፕራሲዮን ሪፖርቱን በጽሑፍ ጠይቂ።

እስከዚያው ጠባሳሽም ይናገራል። በግራ ጎን፣ ከትከሻ አጥንት ሥር ከሆነ የተሠራው ፒዲኤ (ከተወለድሽ በኋላ መዘጋት ሲገባው ክፍት የቀረ የደም ሥር) ወይም ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ሥር ጠቦ ሊሆን ይችላል። የጠበበው ትልቁ የደም ሥር ከሆነ ግፊትሽን በቀኝ እጅሽ ይለኩሽ፤ የግራው ሊያታልል ይችላል። ሪፖርቱ ሲመጣ በስልክ አንሺውና ለእህትሽም ላኪላት።

«ልጅ ሳለሁ ቪኤስዲ ተደፍኖልኛል። አሁን ማርገዝ እፈልጋለሁ። አማቴ ‹ልቧ አይችልም› ትላለች።»

አማትሽ ኢኮ አላነሱሽም። ቪኤስዲ በታችኞቹ ሁለት የልብ ክፍሎች መካከል ያለ ቀዳዳ ነው። ቀዳዳው በደንብ ከተደፈነና የሳንባሽ ግፊት ደህና ከሆነ አብዛኞቹ ሴቶች በሰላም ይወልዳሉ። ምርመራው ግን ከእርግዝናው በፊት ይሁን።

የሚያስፈራው ሌላ ነው። ትልቅ ቀዳዳ ሳይደፈን ቆይቶ የሳንባ ግፊት ጣሪያ ከነካና ከንፈር ከጠቆረ፣ አይዘንመንገር ይባላል። ለነዚህ እህቶች እርግዝና ሕይወት የሚቀጥፍ ነው፤ በግልጽ ሊነገራቸው ይገባል። ኢስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ ኪኒንም ደም ስለሚያረጋ አይሆናቸውም። የብረት ቫልቭ ያላችሁም ዋርፋሪኑን (የደም ማቅጠኛውን ኪኒን) በራሳችሁ አታቁሙ፤ ከማርገዛችሁ በፊት ተነጋገሩበት። ለጽንሱ ደግሞ በ5ኛው ወር ገደማ የልብ አልትራሳውንድ ይነሳለት። በልብ ችግር የመወለድ ዕድሉ ከሌላው ሕፃን ትንሽ ከፍ ስለሚል ነው።

«የብረት ቫልቭ አለኝ። ሁዳዴ በገባ ቁጥር አይኤንአሬ ይወርዳል። ለምን?»

ጎመኑ ነው። አይኤንአር ደም ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ የሚያሳይ ቁጥር ነው፤ ሲወርድ ደሙ ቶሎ ይረጋል። ጎመንና ሰላጣ ቫይታሚን ኬ አላቸው፤ እሱ የዋርፋሪንን ሥራ ይቀንሳል። ዓመቱን ሙሉ አንዴ በሳምንት የሚበላ ሰው በጾም በየቀኑ ሲበላ አይኤንአር ይወርዳል። ፋሲካ ሲሆን ጎመኑ ይቀርና ደሙ ከልክ በላይ ይቀጥናል። ጎመን ተው አላልኩም፤ መጠኑን አታዘበራርቅ። ጾሙ ሲገባም ሲፈታም ተለካ። ያመለጠህን ኪኒን በማግስቱ ደርበህ አትዋጥ። ጸበል ለምትጠይቁኝ፦ ጸበሉን ጠጡ፣ ኪኒኑንም ዋጡ።

«ጥርሴን ላስነቅል ነው። ለሐኪሙ ስለልቤ ልንገረው?»

በመጀመሪያ እሱን። ከአፍ የሚገባ ተህዋሲ በደም ልብ ድረስ ሊሄድ ይችላል። ሰው ሠራሽ ቫልቭ ያለው፣ ልቡ ውስጥ ኢንፌክሽን ይዞት የሚያውቅ፣ ኦፕራሲዮን ሳይሠራለት ከንፈሩ እንደጠቆረ ያለ፣ ወይም በ6 ወር ውስጥ በሰው ሠራሽ ነገር የተደፈነለት ሰው ከመነቀሉ በፊት አንቲባዮቲክ ይወስዳል። ሁሉም ሰው አይደለም። ከዚህ በላይ የሚያናድደኝ ግን አንድ ነገር አለ። ትኩሳት ለቀናት ሲይዛችሁ ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ገዝታችሁ ትውጣላችሁ። ትኩሳቱ ግን የልብ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ ደማችሁ ሲመረመር ተህዋሲው ይደበቃል። መጀመሪያ ደም ስጡ፣ ከዚያ መድኃኒት።

«ሳልሠራ ነው ያደግኩት፣ ከንፈሬ ይጠቁራል። ደምህ ወፍራም ነው ብለው በየጊዜው ይቀዱልኛል።»

ለምን እንደሚቀዱልህ ጠይቅ። ደምህ የወፈረው ኦክስጅን ስላነሰህ ነው፤ ሰውነትህ ዘዴ ፈጥሮ ነው። ቁጥሩን ለማውረድ ብቻ ሁልጊዜ መቅዳት ብረትህን ይጨርስና ይባስ ይጎዳሃል። የብረት ምርመራ አሠራ። ውኃ አይለይህ፣ በተለይ ሙቀት ላይ።

«ቡና?»

ጠጣ። ልብህን ካስዘለለው ቀንስ።

«ጠባሳዬን ለእጮኛዬ መቼ ልንገራት?»

ዛሬ። እኔ ለባለቤቴ ያሳየሁት ቡና እየጠጣን ነው። ዝም ብሎ አይቶ «ያምሻል?» አለኝ። ሲበርድ ትንሽ ያሳክከኛል አልኩት።