የርካሽ ትኬት ድብቅ ክፍያዎች፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ከድሬዳዋና ከሐረር ስለ ውጭ አገር በረራ ትኬት ዋጋ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ለዚህ እትም አራቱን መርጠናል። የመጀመሪያው ጥያቄ የሌሎቹም መሠረት ስለሆነ ሰፋ አድርገን መልሰነዋል።

ጥያቄ፦ ለንደን የምትኖረውን ልጄን ለመጠየቅ ከድሬዳዋ ተነስቼ በአዲስ አበባ በኩል የሚያደርሰኝ የደርሶ መልስ ትኬት እፈልግ ነበር። አንድ የትኬት ወኪል የለጠፈው ማስታወቂያ 290 ዶላር ይላል። ልከፍል ስቀርብ ግን ዋጋው 700 ዶላር ገደማ መሆኑ ተነገረኝ። ምክንያቱን ብጠይቅ «ታክስ ነው፤ የመንግሥት ነው» ከማለት በቀር ማብራሪያ የሰጠኝ የለም። ይህን ያህል ታክስ የሚወስደው የትኛው መንግሥት ነው? (ከከዚራ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የተነገረዎት ነገር ከፊሉ እውነት ነው፤ ከፊሉ ግን አይደለም። በትኬቱ ላይ «ታክስ» ተብሎ ከተደመረው ገንዘብ ውስጥ ለመንግሥታትና ለአውሮፕላን ማረፊያዎች የሚተላለፍ በእርግጥ አለ። ነገር ግን በረጅም በረራዎች ላይ ብዙውን ጊዜ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ለማንም መንግሥት የማይደርስ፣ አየር መንገዱ ራሱ ተምኖ ራሱ የሚያስቀረው ተጨማሪ ክፍያ ነው። ሁለቱ በአንድ ዓምድ ሥር ስለሚጻፉ ተጓዡ ሁሉንም የመንግሥት ድርሻ አድርጎ ይወስደዋል፤ ከመንግሥት ጋር ደግሞ ዋጋ መከራከር ስለማይቻል ዝም ብሎ ይከፍላል።

የአንድ ትኬት ዋጋ የሚጀምረው ከመነሻ ዋጋው ነው፤ በማስታወቂያው ላይ ያዩት 290 ዶላር ይህ ሳይሆን አይቀርም። በእሱ ላይ «ዋይ ኪው» ወይም «ዋይ አር» በሚሉ ሁለት ሁለት ፊደላት የሚመዘገበው የአየር መንገዱ ተጨማሪ ክፍያ ይታከላል። ይህ ክፍያ በብዙ አየር መንገዶች ዘንድ የተስፋፋው በ2000ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የነዳጅ ዋጋ ሲያሻቅብ ሲሆን፣ በወቅቱ የተሰጠው ምክንያትም የነዳጁን ጭማሪ ለመሸፈን የሚል ነበር። ነዳጅ በረከሰባቸው ዓመታት ግን ክፍያው በብዙ ቦታ ስሙን እየለወጠ ቀጠለ። በጃፓን አየር መንገዶች ይህን ክፍያ የአውሮፕላን ነዳጅን የገበያ ዋጋ እየተከተሉ በየሁለት ወሩ ይከልሱታል፤ በሆንግ ኮንግ ደግሞ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2016 አስቁሞት ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ እንደገና ፈቅዶታል። የመንግሥት ታክስ ቢሆን ኖሮ ነዳጅ ሲረክስ የሚቀንስበት፣ ባለሥልጣንም አየር መንገዶችን እንዳይሰበስቡ የሚያግድበት ምክንያት አይኖርም ነበር።

አየር መንገዶች ይህን ገንዘብ በመነሻ ዋጋው ውስጥ ከማካተት ለይተው ማስቀመጥን የመረጡበት ምክንያት ብዙ ነው። መነሻ ዋጋው ዝቅ ብሎ ሲታይ ማስታወቂያው ያምራል። ለጉዞ ወኪል የሚከፈለው ኮሚሽንም ሆነ ለልጆች የሚደረገው ቅናሽ በአብዛኛው የሚሰላው በመነሻ ዋጋው ላይ ስለሆነ፣ ከዋጋው ወጥቶ ወደ ተጨማሪ ክፍያ የተዛወረው ገንዘብ ከዚህ ሁሉ ስሌት ያመልጣል። ይህ አሠራር በሕግ ባልተከለከለበት አገር የተለመደ ንግድ ነው ሊባል ይችላል፤ ለደንበኛ «የመንግሥት ነው» ብሎ መናገር ግን እውነት አይደለም፤ ሊታረምም ይገባዋል።

አሁን ወደ እውነተኛዎቹ ታክሶች እንምጣ። በእርስዎ ጉዞ ላይ ከሁሉም ከብዶ የሚታየው ብሪታንያ ከግዛቷ በአየር ከሚወጣ ተጓዥ ላይ የምትሰበስበው የአየር መንገደኞች ቀረጥ ነው። ቀረጡ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1994 ሲሆን፣ መጠኑ ከለንደን እስከ መድረሻው አገር ዋና ከተማ ባለው ርቀት ይወሰናል። ስለዚህ የመጨረሻ መድረሻዎ ድሬዳዋም ሆነ አዲስ አበባ የሚለካው ርቀት ያው እስከ አዲስ አበባ ያለው ነው፤ ይህም ከ2,001 እስከ 5,500 ማይል ባለው እርከን ውስጥ ያስገባዎታል። በዚህ እርከን በኢኮኖሚ መደብ የሚጓዝ ሰው የሚከፍለው እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 1 ቀን 2025 ጀምሮ 90 ፓውንድ ሲሆን፣ ከኤፕሪል 1 ቀን 2026 ጀምሮ 102 ፓውንድ እንዲሆን ተወስኗል። ልብ ይበሉ፤ ወደ ለንደን ሲገቡ አይከፈልም፤ ሲወጡ ብቻ ነው። ከዚህ የተነሣ የደርሶ መልስ ትኬት ታክስ ከአንድ ጉዞ ትኬት ታክስ ጋር ሲነጻጸር ከእጥፍ በላይ ሆኖ ቢያገኙት መመለሻው ላይ ያረፈው ይህ ቀረጥ ነው። ዕድሜያቸው ከ16 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች በኢኮኖሚ መደብ ሲጓዙ ቀረጡ አይመለከታቸውም፤ የልጅ ልጆችዎ እርስዎን ተከትለው ከለንደን የሚመጡ ከሆነ በእነሱ ትኬት ላይ ይህ ሂሳብ አለመደመሩን ያረጋግጡ።

የቀሩት የአውሮፕላን ማረፊያዎች የመንገደኛ አገልግሎትና የጥበቃ ክፍያዎች ናቸው። እነዚህ እንደየአገሩ ይለያያሉ፤ ለምሳሌ በዱባይ የሚነሣ መንገደኛ በትኬቱ ላይ 75 ድርሃም የአገልግሎት ክፍያ ይታሰብበታል፤ እ.ኤ.አ. ከ2016 አጋማሽ ጀምሮ ደግሞ 35 ድርሃም የመገልገያ ክፍያ ተጨምሮበታል። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ትንሽ ቢመስልም፣ በመንገድ ላይ ያሉ ማረፊያዎች ሲበዙ ድምሩ ያድጋል።

ታዲያ ይህ ሁሉ በትኬቱ ላይ ተጽፎ እያለ ተጓዡ ለምን አያየውም? አንዱ ምክንያት «ኤክስ ቲ» የሚባለው ምልክት ነው። በወረቀት ትኬት ዘመን ለታክስ የተተዉት ሣጥኖች ጥቂት ስለነበሩ፣ ከእነሱ የተረፈው ሁሉ በአንድነት ተደምሮ በዚህ ምልክት ሥር ይጻፍ ነበር። የወረቀት ትኬት እ.ኤ.አ. በ2008 ከዓለም አቀፍ አሠራር ቢወጣም ምልክቱ ግን እስካሁን አልጠፋም። ወኪሉ በኮምፒዩተሩ ላይ ዝርዝሩን ከነመጠኑ ያየዋል፤ ለእርስዎ የሚታተመው ግን ድምሩ ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት «የታክሱን ዝርዝር ከነምልክቱ አትሙልኝ» ብለው ይጠይቁ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ ወይም ማብራሪያ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋልና ጥያቄዎ ነገር ፍለጋ አይደለም።

በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ደንብ ቁጥር 1008 ማንኛውም የትኬት ማስታወቂያ ሊቀሩ የማይችሉ ታክሶችንና ክፍያዎችን ሁሉ ያካተተ የመጨረሻ ዋጋ እንዲያሳይ ያስገድዳል፤ በአሜሪካም ተመሳሳይ ግዴታ ከ2012 መጀመሪያ ጀምሮ ጸንቷል። ልጅዎ ለንደን ሆና በኢንተርኔት ያየችው ዋጋ ድሬዳዋ ላይ ከተለጠፈው ማስታወቂያ በልጦ ከተገኘ፣ እርሷ ያየችው ድምሩን፣ እርስዎ ያዩት መነሻ ዋጋውን ብቻ ሊሆን ስለሚችል በዚያ ብቻ ፈርደው አይወስኑ።

ሁለት ነገሮችን ደግሞ ከታክስ ለይተው ይመልከቱ። አንደኛው ወኪሉ ራሱ የሚያስከፍለው የአገልግሎት ክፍያ ነው። አየር መንገዶች ኮሚሽን እየቀነሱ ከመጡ ወዲህ ብዙ ወኪሎች የሚተዳደሩት በዚህ ስለሆነ ክፍያው ተገቢ ነው፤ ሆኖም ታክስ ተብሎ ሳይሆን በራሱ ስም ተጽፎ ደረሰኝ ሊቆረጥለት ይገባል። ሁለተኛው ሻንጣ ነው። ከድሬዳዋ ወደ ልጁ የሚሄድ ወላጅ በርበሬ፣ ሽሮና የሐረር ቡና ሳይዝ አይሄድም፤ አንዳንድ የረከሱ ትኬቶች ግን የእጅ ሻንጣ ብቻ የሚፈቅዱ ናቸው። ተጨማሪ ኪሎ አስቀድሞ ሲገዛና ሚዛን ላይ ከቆሙ በኋላ ሲገዛ በብዙ አየር መንገዶች ዋጋው አንድ አይደለም፤ ሁለተኛው ይወደዳል። ሁለት ትኬቶችን ሲያወዳድሩ እንግዲህ ታክሱንም፣ የአገልግሎት ክፍያውንም፣ ሻንጣውንም ደምረው የመጨረሻውን ከመጨረሻው ጋር ያስተያዩ። ዋጋው በዶላር ተተምኖ በብር የሚከፈል ከሆነም የትኛው ቀን ምንዛሪ እንደተወሰደ ይጠይቁ፤ የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በገበያ የሚወሰን በመሆኑ ከሳምንት በፊት የተነገረዎት ዋጋ ዛሬ ላይጸና ይችላል።

ጥያቄ፦ አባቴ ለዑምራ ወደ ጅዳ ለመሄድ ትኬት ከቆረጡ በኋላ ታመው ቀሩ። ትኬቱ «ተመላሽ የለውም» የሚል ስለሆነ ወኪላችን አንድ ብርም አይመለስም አለን። እውነት ነው? (ከጀጎል፣ ሐረር)

መልስ፦ አባትዎን ፈጣሪ ይማርልን። «ተመላሽ የለውም» የሚለው ቃል በዋነኝነት የሚመለከተው መነሻ ዋጋውን ነው። የአውሮፕላን ማረፊያ ክፍያዎችና በመንገደኛ ቁጥር የሚሰበሰቡ ታክሶች የሚታሰቡት በትክክል በተሳፈረ ሰው ላይ ስለሆነ፣ አባትዎ ካልተሳፈሩ አየር መንገዱ ያንን ገንዘብ ለማንም የሚያስተላልፍበት ምክንያት የለውም፤ በአብዛኛውም ሲጠየቅ ይመልሳል። ከላይ ያነሣነው ልዩነት ጥቅሙ እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል፦ አየር መንገዱ ለራሱ የጫነው ተጨማሪ ክፍያ ብዙ ጊዜ የመነሻ ዋጋውን ዕጣ ስለሚከተል አብሮ ይቀራል፤ እውነተኛው ታክስ ግን ይመለሳል።

ሳይጠየቅ የሚመልስ ግን እምብዛም የለም። ጥያቄው የሚቀርበው ትኬቱን በቆረጠው ወኪል በኩል ሲሆን፣ በጽሑፍ ቢሆንና የትኬቱ ቁጥር ቢጠቀስበት ይመረጣል። ትኬት በአብዛኛው ከተቆረጠበት ቀን ጀምሮ የሚጸናው ለአንድ ዓመት ስለሆነ ጊዜው እንዳያልፍባችሁ። የሐኪም ማስረጃም አያይዙ፤ ሕመምን ምክንያት አድርገው ቀኑን ያለ ቅጣት የሚያዛውሩ አየር መንገዶች አሉና። ለወደፊቱ ደግሞ ቤተሰብ ሁሉ ይህን ቢያውቅ መልካም ነው፦ መንገደኛው መሄድ እንደማይችል እንደታወቀ፣ አውሮፕላኑ ከመነሣቱ በፊት ቦታው መሰረዝ አለበት። ሳይሰረዝ የቀረ ትኬት ተጨማሪ ቅጣት ሊያስከትል፣ የመመለሻውንም በረራ አብሮ ሊያሰርዝ ይችላል።

ጥያቄ፦ በበረራ ባጠራቀምሁት ማይል ነፃ ትኬት ብወስድም ታክስ ክፈል ተባልሁ። ነፃ ከሆነ ለምን እከፍላለሁ? (ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ማይሉ፣ ማለትም አየር መንገዱ ደጋግሞ ለሚበር ደንበኛ የሚሰጠው ነጥብ፣ የሚተካው መነሻ ዋጋውን ነው፤ የመንግሥትና የአውሮፕላን ማረፊያ ክፍያዎች በማይል አይከፈሉም። አንዳንድ አየር መንገዶች ግን የራሳቸውን ተጨማሪ ክፍያ ጭምር በጥሬ ገንዘብ ይጠይቃሉ። በዚህ ጊዜ ዝርዝሩ ላይ «ዋይ ኪው» ወይም «ዋይ አር» ይፈልጉ፤ መጠኑ ከፍ ያለ ከሆነ በሌላ መስመር ወይም በአጋር አየር መንገድ ያንኑ ማይል ቢጠቀሙ አነስተኛ ክፍያ ሊገጥምዎት ይችላል።

ጥያቄ፦ የካናዳ ቪዛ አግኝቼ ወደ ቶሮንቶ ልሄድ ነው። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት አንድ ትኬት፣ ከፍራንክፈርት ቶሮንቶ ደግሞ የሌላ አየር መንገድ ትኬት ለየብቻ ብገዛ በጣም ይረክሳል። ያላየሁት ክፍያ ይኖር ይሆን? (ከሐረር)

መልስ፦ አለ፤ የሚያሳስበውም ቪዛው ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ጀርመንን ጨምሮ የጋራ ቪዛ በሚጠቀሙት የአውሮፓ የሸንገን አገሮች አውሮፕላን ማረፊያ ለማለፍ ብቻ እንኳ የትራንዚት ቪዛ እንዲኖረው ይጠየቃል። የጸና የካናዳ ቪዛ ያለው ከዚህ ነፃ ነው፤ ሆኖም ነፃነቱ የሚያገለግለው ከዓለም አቀፍ መተላለፊያው ሳይወጡ እስከቆዩ ድረስ ነው። ትኬቶችዎ የተለያዩ ከሆኑ ሻንጣዎ እስከ ቶሮንቶ ላይላክ ይችላል፤ ፍራንክፈርት ላይ ተቀብለው እንደገና ለማስመዝገብም የጀርመንን ድንበር ተሻግረው መግባት ይኖርብዎታል። ለዚያ ደግሞ የመግቢያ ቪዛ ያስፈልጋል፤ ክፍያው እ.ኤ.አ. ከጁን 2024 ጀምሮ 90 ዩሮ ሲሆን፣ ቪዛው ቢከለከል ገንዘቡ አይመለስም። ቪዛ ከሌለዎት አዲስ አበባ ላይ ላያሳፍሩዎት ይችላሉ።

የመጀመሪያው አውሮፕላን ቢዘገይና ሁለተኛው ቢያመልጥዎም፣ ሁለተኛው አየር መንገድ በሌላ በረራ በነፃ የማሳፈር ግዴታ የለበትም፤ ከፍራንክፈርት የሚነሣ አዲስ ትኬት በዕለቱ ዋጋ መግዛት ሊኖርብዎት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ ቶሮንቶ ይበራል። ከድሬዳዋ ጀምሮ እስከ ቶሮንቶ በአንድ ትኬት ሲቆረጥ ድምሩ ስንት እንደሚሆን ያስጠይቁ፤ ከዚያም ሁለቱን ትኬቶች ከቪዛው፣ ከሻንጣውና ለብቻው ከሚከፈለው የድሬዳዋ አዲስ አበባ በረራ ጋር ደምረው ያስተያዩት።