የእሑድ ማታ ጥያቄና መልስ፦ ነጭ ነጥብ፣ ትልና ሌላው የዓሣ ጥገኛ

ጋሼ፦ እንደምን አመሻችሁ ሐዋሳዎች። እስከ ሦስት ሰዓት አለሁ። ስትጠይቁ ሦስት ነገር ጻፉልኝ፤ አኳሪየሙ ስንት ሊትር ነው፣ ውኃው ስንት ዲግሪ ነው፣ አዲስ ዓሣ ወይም ተክል መጨረሻ የገባው መቼ ነው። ሊትሩን የማታውቁ ርዝመቱን፣ ወርዱንና ከፍታውን በሴንቲ ሜትር አባዝታችሁ ለ1000 አካፍሉ። ከፍታ ስል የውኃውን እንጂ የመስታወቱን አይደለም።

ታቦር፦ ዓሣዎቼ ታመዋል፣ ምን መድኃኒት ልግዛ?

ጋሼ፦ ከላይ ያለውን አንብብ።

ሐይቅ ዳር፦ ጋሼ፣ 80 ሊትር ነው፣ 23 ዲግሪ፣ ጉፒና ሞሊ። ተክል የለውም። ከአሥር ቀን በፊት አራት ሞሊ ጨምሬ ነበር። ከዚያ ጅራታቸው ላይ ጨው የተነሰነሰ የሚመስል ነጭ ነጥብ ወጣ፣ ጠጠሩ ላይ ይታከካሉ። መድኃኒት አንዴ ጨመርኩ፣ ነጥቡ ጠፋ። ከቀናት በኋላ እጥፍ ሆኖ መጣ። መድኃኒቱ ፎርጅድ ይሆን?

ጋሼ፦ ተባረኪ፣ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው። መድኃኒቱን አትውቀሺ። ይሄ ኢክ የምንለው ነው፣ ሙሉ ስሙ ኢክቲዮፍቲሪየስ። ነጥቡ ላይ የምታዪው ጥገኛው ከዓሣው ቆዳ ሥር ተሸሽጎ ሲበላ ነው፤ እዚያ እያለ መድኃኒቱ አያገኘውም። ሲጠግብ በራሱ ጊዜ ይወድቃል። አንቺ «ጠፋ» ያልሽው ያን ጊዜ ነው። የወደቀው ጠጠር ላይ ተጣብቆ ሽፋን ያበጅና ውስጡ ይከፋፈላል፤ ከአንዱ በመቶዎች፣ አንዳንዴ እስከ ሺህ ይወጣል። የወጡት እየዋኙ ዓሣ ይፈልጋሉ፤ በአንድ ሁለት ቀን ካላገኙ ይሞታሉ። መድኃኒትም ሆነ ጨው የሚገድለው እነዚህን ዋናተኞች ብቻ ነው። አንድ ቀን ጨምሮ ማቆም ዋናተኛ በሌለበት ቀን መተኮስ ነው።

ስለዚህ ያንን መድኃኒት ተዪው። ሂተር ካለሽ ሙቀቱን በቀን ሁለት ዲግሪ እያልሽ 30 አድርሺው። ውኃ ሲሞቅ ኦክስጅን ይቀንሳልና ኤር ፓምፑ ሌትም ቀንም ይሥራ። ጨው በሊትር 2 ግራም፣ ለአንቺ 160 ግራም፤ ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን ነገ፣ በባልዲ አሟምተሽ። አዮዲን ያለበት የሱቅ ጨው ችግር የለውም። ጨው አይተንም፤ 20 ሊትር ከቀየርሽ የምትመልሺው 40 ግራም ብቻ ነው። የመጨረሻው ነጥብ ከጠፋም በኋላ አንድ ሳምንት ቀጥዪ። ጎልድፊሽ ያላችሁ 30 ዲግሪውን ተዉት፣ በጨው ብቻ ሂዱ። ተክል ያላችሁ ጨው ከመጨመራችሁ በፊት ተክሉን አውጡ።

ምሥራቅ፦ እኔ ነጭ ሽንኩርት ጨምቄ ነው የማድንበት። ኬሚካል ምን ያደርጋል?

መናኸሪያ፦ እውነት ነው፣ የኔም ኦስካር ዓሣ በሱ ነው የዳነው።

ባሕል አዳራሽ፦ ኧረ በፈጠረህ! ኦስካርህ የዳነው በዚያው ሳምንት ሂተር ስለተገጠመለት ነው። የገጠምኩት እኔ አይደለሁም እንዴ?

መናኸሪያ፦ ሂተሩ ያኔ ይሠራ ነበር? ግማሹን ቀን መብራት የለም።

ምሥራቅ፦ አያቶቻችን በኮሶ ነበር የሚሽሩት። ለዓሣም ትንሽ ኮሶ ቢሰጥስ?

ጋሼ፦ ኮሶ አይሰጥም። ነጭ ሽንኩርቱን ምግባቸው ላይ አድርጉ፣ አይጎዳም፣ ኢክ ግን አይገድልም። እንቀጥል።

ታቦር፦ ጋሼ፣ አንዱ ሞተብኝ። ምን ልጨምር?

ጋሼ፦ ስንት ሊትር ነው?

ታቦር፦ መካከለኛ ነው።

አዲስ ከተማ፦ መስታወቱ ላይ አረንጓዴ ነገር በዛብኝ። ከሐይቁ ዳር ቀንድ አውጣና ሣር አምጥቼ ብጨምርስ? ልጄም ቀንድ አውጣ ትወዳለች።

ጋሼ፦ አይሆንም። የሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ ላይ የአንጀት ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፍ ዓይነት ቀንድ አውጣ አለ። የተያዘው ቀንድ አውጣ ዓይን የማያየው እጭ ውኃው ውስጥ ይረጫል፣ እጩ ቁስል የሌለውን ቆዳም በስቶ ይገባል። ልጅህ እጇን አኳሪየሙ ውስጥ ነክራ ስትጫወት አስበው። ይሄ የዓሣ ጉዳይ አይደለም፣ የቤትህ ጉዳይ ነው።

ለዓሣውም ቢሆን የሐይቅ ቀንድ አውጣ የሌላ ትል ተሸካሚ ነው። ቢጫ ፍሬ የሚመስለው ክሊኖስቶመም ከቀንድ አውጣ ወደ ዓሣ፣ ከዓሣ ወደ ወፍ ይዞራል። ሳሎንህ ውስጥ ሻላ የሚባለው ወፍ እስካልገባ ድረስ ዙሩ አይሞላም፤ ዓሣው ሥጋ ውስጥ የተቀመጠው ግን በመድኃኒት በቀላሉ አይወጣም። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ቆሮሶ ዓሣ ሲበለት ቆማችሁ አይታችሁ ከሆነ፣ አንዳንዱ ልቡ አጠገብ እንደ ክር የተጠቀለለ ትል ይወጣል። እሱ ሌላ ነው፣ ኮንትራሲከም ይባላል፤ እሱም የመጨረሻ ማረፊያው ዓሣ የሚበላ ወፍ ነው። መስታወቱን በስፖንጅ ፈትገው፣ መብራቱን በቀን ከስምንት ሰዓት ለበለጠ ጊዜ አታብራ።

መናኸሪያ፦ ጋሼ፣ ጥሬ ዓሣ በአዋዜ ነገ ልንበላ ነበር እኮ!

ምሥራቅ፦ አዋዜው ይገድለዋል።

ባሕል አዳራሽ፦ አዋዜ ትል ቢገድል ኖሮ ክሊኒክ ሁሉ ተዘግቶ በርበሬ ተራ በሆነ።

ጋሼ፦ አዋዜ አይገድልም። እኔ ጥሬውን አልበላም። ወደ አኳሪየም ተመለሱ።

ባሕል አዳራሽ፦ 100 ሊትር፣ 22 ዲግሪ፣ ሁለት ጎልድፊሽ፣ አዲስ የገባ ከሦስት ወር ወዲህ የለም። አንዱ በአንድ ስንጥቡ ብቻ ይተነፍሳል፣ ነጥብ የለውም።

ጋሼ፦ መጀመሪያ ከዓሣው ቆሻሻ የሚወጣውን አሞኒያ ለካ። የውኃህ ፒኤች (የአሲድነት ልኬቱ) ከ8 በላይ ከሆነ ትንሹ አሞኒያም መርዝ ነው፣ ምልክቱም ይመሳሰላል። ውኃው ንጹሕ ከሆነ የስንጥብ ትል ጠርጥር። መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፣ ያው የቢልሃርዚያው። በሊትር 5 ሚሊ ግራም ብትል ለአንተ 500 ይሆናል፤ አንዱ የሰው ኪኒን 600 ስለሆነ ከስድስት እጅ አምስቱን ውሰድ። በቀላሉ አይሟሟም፤ ፈጭተህ በጠርሙስ ደህና አድርገህ በጥብጥ። እንቁላሉን አይገድልም፣ በሳምንቱ ድገም።

ቱላ፦ ጉፒዬ ፊንጢጣዋ ላይ ቀይ ክር ተንጠልጥሏል፤ 40 ሊትር።

ጋሼ፦ ካማላነስ የሚባል የአንጀት ትል ነው። ሌቫሚዞል የሚባለው የበግ የትል መድኃኒት፣ በሊትር 2 ሚሊ ግራም፣ ለአንድ ቀን፣ መብራት አጥፍተሽ። ከዚያ ወለሉን በቱቦ እየሳብሽ ግማሹን ውኃ ቀይሪ፣ በሦስት ሳምንት ድገሚ። የበግ ኪኒን ስትገዢ ከሌላ መድኃኒት ጋር የተቀላቀለውን አትውሰጂ፤ ስንት ሚሊ ግራም እንደሆነም የእንስሳት ሐኪሙን ጠይቂ።

ሐይቅ ዳር፦ አዲስ ዓሣ ለይቶ ማቆያ የሚሆን ሁለተኛ አኳሪየም መግዣ የለኝም።

ጋሼ፦ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን አናቱን ቁረጪ፣ ስፖንጅ ፊልተር አስገቢ፣ አለቀ። አራት ሳምንት ይቆይበት። መረቡም የራሱ ይሁን! እኔ ራሴ አንድ ኅዳር እርጥብ መረብ ከአንዱ ወደ ሌላው አዘዋውሬ በሳምንት ውስጥ 11 ጉፒ ቀብሬያለሁ። ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ዓሣው ይደክማል፣ ያን ጊዜ ነው ጥገኛው የሚያጠቃው።

አዲስ ከተማ፦ መብራት ሲጠፋስ?

ጋሼ፦ በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ ምግብ አትስጥ።

ታቦር፦ ጋሼ፣ ለካሁት። 60 በ30 በ30፣ 54 ሊትር። ሁሉም ሞተዋል። ነጭ ነጥብ ነበራቸው። አሁን ጠጠሩን ልጣለው?

ጋሼ፦ አይዞህ። ጠጠሩን አትጣለው። ዓሣ ከሌለ ጥገኛው የሚበላው የለውም። ሂተር ካለህ 27 ላይ አድርገህ ፊልተሩን ሳታጠፋ ሁለት ሳምንት ባዶውን አቆየው፤ ሂተር ከሌለህ በዚህ ብርድ ከወር በላይ ጠብቅ። ፊልተሩ ውስጥ ያለው ውኃ የሚያጣራ ባክቴሪያ እንዳይራብም በየሁለት ቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ጣልበት።