ሽፋኑ ምን ያሳልፋል? ለላቦራቶሪና ለጤና ሙያ ተማሪዎች

ልጆቼ፣ ባሕር ዳር ውስጥ ደም በመመርመር ያረጀሁ ሰው ነኝና፣ ሜምብሬን የምትሉትን የሴል ሽፋን ሥዕሉን ከመሸምደዳችሁ በፊት ምን እንደሚያሳልፍና ምን እንደሚከለክል እንድትጠይቁ እለምናችኋለሁ።

እኔ ይህን የተማርኩት ከስሕተት ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ቀይ የደም ሴሎችን ለማጠብ 0.9 ከመቶ ጨው ያለበትን ኖርማል ሳላይን ማንሣት ሲገባኝ ጨው የሌለበትን የዲስትልድ ውኃ ጠርሙስ አነሣሁ። ድፍርሱ ቀይ ፈሳሽ ዐይኔ እያየ ጠራ፤ በቲዩቡ ማዶ ያለው ጽሑፍ ተነበበልኝ። ሴሎቹ ፈንድተው ሄሞግሎቢናቸው ፈስሶ ነበር። ታካሚዋ ሕፃን ስለነበረች፣ እንደገና ስትወጋ ያለቀሰችው ለቅሶ እስከ ዛሬ አይረሳኝም።

ሽፋኑ ውፍረቱ 10 ናኖሜትር እንኳ የማይሞላ ሲሆን፣ በሁለት ረድፍ የተሰለፉት ፎስፎሊፒዶች ውኃ ወዳድ ራሳቸውን ወደ ውጭና ወደ ውስጥ አዙረው ውኃ የሚሸሸውን የቅባት ጅራታቸውን መካከል ላይ ይደብቃሉ። ኦክስጅን ይህን ቅባት በቀላሉ ያልፋል፤ ጨው ግን የፕሮቲን በር ካላገኘ አያልፍም። ውኃ አኳፖሪን በሚባሉ ቦዮች ጭምር ስለሚገባ፣ በሴሉ ውስጥ ታምቆ መውጣት ወዳልቻለው ንጥረ ነገር ይጎርፋል፤ ሽፋኑም ብዙ ስለማይለጠጥ ይቀደዳል።

ጣና ዳር ቀረሶ ሲራገፍ ስታዩም ይህንኑ አስቡ። የሐይቁ ጨው ከዓሣው ደም እጅግ ያነሰ ስለሆነ ውኃ በስንጥቡ ያለማቋረጥ ይገባበታል፤ ዓሣው የሚተርፈው ኩላሊቱ ብዙ ቀጭን ሽንት ስለሚያስወጣና የስንጥቡ ሴሎች ኃይል አውጥተው ጨው ከሐይቁ ስለሚለቅሙ ነው።

ጤና ጣቢያ የምትመደቡ ደግሞ፣ ተቅማጥ ለያዘው ሰው በውኃ ተበጥብጦ በሚሰጠው ዱቄት፣ በኦ.አር.ኤስ ውስጥ ያለው ስኳር ለጣዕም እንዳይመስላችሁ። በአንጀት ሴሎች ሽፋን ላይ ያለ አንድ ፕሮቲን ሶዲየምንና ግሉኮስን አብሮ ያስገባል፣ ውኃም ይከተላቸዋል፤ በሴሉ ሌላ ጎን ያለው ፓምፕ በየዙሩ 3 ሶዲየም እያስወጣ 2 ፖታሲየም ስለሚያስገባ ሥራው አይቋረጥም። ተቅማጡ የኮሌራ እንኳ ቢሆን ይህ በር አይዘጋም። በአንድ ሊትር ውስጥ 75 ሚሊሞል ሶዲየምና 75 ሚሊሞል ግሉኮስ የተመጠነው በዚህ ምክንያት ነውና፣ የአንድ ሊትሩ ዱቄት በግማሽ ሊትር ከተበጠበጠ ፈሳሹ ውኃን ከሰውነት ወደ አንጀት ሊስብ ይችላል። እናቲቱን በቃል ብቻ አትሸኟት፤ የአንድ ሊትሩን መለኪያ በእጇ አስይዟትና ፊታችሁ ትበጥብጥ።