«የትኛው ቁጥር ነው ልክ?» ላልሽኝ የደብረ ብርሃን ተመራቂ

እህቴ ጥያቄሽ ደርሶኛል፣ ስለቆየሁ ይቅርታ። ለሌሎቻችሁም እንዲገባ ባጭሩ፦ ልጅቷ የመንዝ ልጅ ናት፣ ደብረ ብርሃን ኢኮኖሚክስ ዘንድሮ ትጨርሳለች፣ የኢትዮጵያ የነፍስ ወከፍ ገቢ አንዱ ጋ በተራ ዶላር ሌላው ጋ በፒፒፒ (የሀገሩን የዋጋ ልዩነት ባገናዘበ ምንዛሬ) ተጽፎ ከእጥፍ በላይ ሲለያይባት ግራ ገባት፣ እዚህ ነገር ላይ ብሰራ እንጀራ ይወጣዋል ወይ ነው የምትለው፣ ጓደኞቿ ደግሞ አርፈሽ ባንክ ግቢ እያሏት ነው።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንጨርስ። ሁለቱም ልክ ናቸው። እንበል ደብረ ብርሃን ሹሩባ በ200 ብር ተሰራሽ፣ ያው ሹሩባ አሜሪካ 50 ዶላር ነው፤ በሹሩባ ከሄድን አንድ ዶላር 4 ብር ሆነ ማለት ነው። ስልክ ግን ከውጭ ስለሚመጣ እዚያ 150 ዶላር የሆነው እዚህ 24,000 ብር ቢሆን ዶላሩ 160 ብር ወጣ (ዋጋዎቹ ለምሳሌ ናቸው፣ ጸጉር ቤት ሄደሽ እንዳትጣዪ)። ፒፒፒ እንዲህ እያለ ብዙ እቃና አገልግሎት ሰብስቦ፣ ሰው በሚያወጣባቸው ልክ መዝኖ የሚያወጣው ምንዛሬ ነው። በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሬ ለገበያ ሲለቀቅ 57 አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት 100ን አለፈ፣ በተራ ዶላር የሚለካው ጂዲፒያችንም (የሀገሪቱ ዓመታዊ ጠቅላላ ምርት) አብሮ ወረደ፣ አባትሽ ጎተራ ያለው ገብስ ግን በዚያ ሰሞን አንድ ቁና አልጎደለም። ዕዳና ነዳጅ ላይ ሲሆን በተራው ዶላር ነው የሚታሰበው፣ በፒፒፒ ነዳጅ የሚሸጥልን የለማ።

አሁን ወደ ስራው። ፎርሙላውን ሁሉም ያውቀዋል፣ የሚያስቸግረው ዋጋ መሰብሰቡ ነው። የዓለም ባንክ የሚመራው፣ ፒፒፒን የሚያወጣ የሀገራት ዋጋ ንጽጽር ፕሮግራም አለ፣ አፍሪካ ላይ የአፍሪካ ልማት ባንክ ነው የሚያስተባብረው፣ የ2021 ዙር 176 ኢኮኖሚዎችን ይዞ በ2024 ወጣ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች በፈረንጅ ናቸው)፣ እና ሁሉም ሀገር ተመሳሳይ እቃ ላይ ዋጋ ማምጣት አለበት። እዚህ ጋ ነው ጣጣው። እኛ ቤት ብዙ ብር የሚበላው ጤፍ ነው፣ ጋና ሄደሽ ጤፍ ብትይ ማን ያውቅልሻል? የሚነጻጸረው እቃ እኛ የማንበላው፣ የምንበላው ደግሞ የማይነጻጸር ይሆናል። እዚሁ ሰሜን ሸዋም ቢሆን የምንጃር ማኛ ጤፍና ሰርገኛ በአንድ ስም «ጤፍ» ተብለው ከተጻፉ ቁጥሩ ተበላሸ።

እኔ ራሴ ድሮ መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ስሰራ አንድ ገበያ ላይ ድንች በመደብ ጠይቄ ዋጋውን ጻፍኩ፣ ኪሎው ስንት እንደሆነ ሳልመዝን፣ በሚቀጥለው ዙር ዋጋው ያው ነበር መደቡ ግን ግማሽ ሆኗል፣ እኔም «ለውጥ የለም» ብዬ ሞላሁት። ሱፐርቫይዘሩ ሙሉ ፎርሙን መለሰልኝ፣ በእግሬ ተመልሼ ሄድኩ። አራት ዓመት ክላስ ውስጥ ያልገባኝ ያን ቀን ገባኝ።

ስለዚህ ማስተርስ ቀስ ይበል። የስታቲስቲክስ አገልግሎት ጥናት ሲኖረው በኮንትራት ሰው ይቀጥራል፣ ያንን አትናቂው፣ ገንዘቡ ብዙ አይደለም ግን ሲቪሽ ላይ ሌላው የሌለው ነገር ይገባል። ጂዲፒው ራሱ የሚሰላው ደግሞ ፕላንና ልማት ሚኒስቴር ነው፣ እዚያ ለመግባት ኤክሴል ብቻ አይበቃም፣ አር ወይም ስታታ የሚባሉትን የስታቲስቲክስ ሶፍትዌሮች ቻይ። ኢንተርቪው ላይ የምትጠየቂውን አንዱን ልንገርሽ፦ የዓለም ባንክ የድህነት መስመር በ2025 በቀን 3 ዶላር ሆኗል፣ በብር ስንት ነው? ብዙ ተመራቂ ዘሎ በባንክ ምንዛሬ ያባዛል፣ እዚያው ይወድቃል። 3 ዶላሩ የ2021 ፒፒፒ ዶላር ነው፣ በዚያ ዓመት ፒፒፒ ወደ ብር ቀይረሽ ከዚያ ወዲህ ያለውን የዋጋ ንረት ትጨምሪበታለሽ።

ለመመረቂያው ርዕሱን አጥብቢው። ሀገር ከሀገር ትተሽ ደብረ ብርሃንን ከሸዋ ሮቢት አወዳድሪ፣ አንዱ ብርድ አንዱ ቆላ፣ እዚህ ብርድ ልብስና ማገዶ ወጪ ነው እዚያ አይደለም፣ ሽንኩርት ደግሞ እነሱ ጋ ደጅ ላይ ነው። 20 እቃ ምረጪ፣ ሁለቱም ጋ በገበያ ቀን ሦስት ጊዜ ሂጂ፣ ሚዛን ይዘሽ። የእቃ ዝርዝሩን ካወጣሽ በኋላ ከመውጣትሽ በፊት ላኪልኝ፣ «ጎመን» ብለሽ ብቻ ከጻፍሽ መልሼ ነው የምልክልሽ።