ወንድምሽ በገደብ ከወጣ መጀመሪያ ወረቀቱን ያዢ

ሰላም እህቴ። ወንድምሽ ጠጥቶ ሰው ደብድቦ ተፈርዶበት በገደብ እንደወጣ፣ ዳኛውም «ታከም፣ መጠጥ ቤት አትገኝ» እንዳሉት፣ ሚስቱ ነፍሰ ጡር እንደሆነችና ቤተሰቡ ምን እንደሚያደርግ ግራ እንደገባችሁ አንብቤያለሁ። እኛም ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነን። የእኔም ታናሽ ወንድም በዚሁ መንገድ ነው ያለፈው፤ ዛሬ አረቄ አይቀምስም፣ ብሎኬት ማምረቻ ውስጥ ይሠራል። የእናንተም ነገር ከእኛ የሚለይ አይመስለኝም።

1. ከሁሉ በፊት ወረቀት። የገደቡ ጊዜ በወንጀል ሕጋችን ከ2 እስከ 5 ዓመት ነው። በዚህ መሀል ሌላ ወንጀል ውስጥ ከገባ የተገደበው እስራት ይመጣበታል፤ ያኔ መታከሙን የሚያሳይ ማስረጃ ያስፈልጋችኋል። ዳኛው በቃል ያሉት ሌላ ቢሮ ሲደርስ ዋጋ የለውም። ትዕዛዙ መዝገቡ ላይ መጻፉን አረጋግጪ፣ በማኅተም ግልባጭ አውጪ፣ ለሚታከምበት ቦታም ደብዳቤ እንዲጻፍ በመዝገብ ቁጥሩ አመልክቺ።

እኛ የተቃጠልነው እዚህ ጋ ነው። አንዱ ቢሮ «ፍርድ ቤት በደብዳቤ ካልጠየቀን ማስረጃ አንሰጥም» ይላል፤ ሌላው «እነሱ ይጻፉ እንጂ እኛን ምን አገባን» ይላል። ከቱሉ ዲምቱ ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ መሀል ከተማ፣ ተመልሶ ቱሉ ዲምቱ። በዚያ ሁሉ ምልልስ ወንድሜ የቀን ሥራውን አጣ፣ እኔም ከአለቃዬ ጋር ተጣላሁ። አንዲት ጸሐፊ፣ ቢሮዋን አልጠራም፣ ሰው በተሰለፈበት «ሰካራም እየጎተትሽ መጥተሽ ደግሞ ትጮኺብኛለሽ?» አለችኝ። ወንድሜ አጠገቤ ቆሞ ነበር፣ አንገቱን ደፋ። በዚያ ቀን ሄዶ ቢጠጣ ማን ይጠየቅ ነበር? እስካሁን ይቆጨኛል። ግን ደብዳቤውን ሳልይዝ ከበሩ አልተነቃነቅኩም፤ የበላይ ኃላፊዋ ራሳቸው ፈርመው ሰጡኝ። አንቺም ሲያመናጭቁሽ እሺ ብለሽ እንዳትመለሺ። የበላይ ኃላፊ ጠይቂ።

2. በር ቆልፋችሁ በግድ ለማስተው እንዳትሞክሩ። ሰፈሩ ሁሉ የሚመክረው ይህንን ነው፤ በተለይ ትልልቆቹ «ሁለት ቀን ቆልፉበት፣ ይለቀዋል» ይላሉ። ጫት ብቻ ከሆነ ይነጫነጫል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል፣ ይከፋዋል፣ ያልፋል። ለዓመታት በየቀኑ አረቄ የጠጣ ሰው ግን ድንገት ሲያቆም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ሊንቀጠቀጥ፣ ሊቃዥ፣ ሊጥለውም ይችላል፤ የሚሞትም አለ። ወንድሜ ከችሎት በወጣ በማግስቱ ማታ ሲኒ መያዝ አቃተው። ቡናው ልብሱ ላይ ፈሰሰ። ላብ በላብ ሆኖ ጥጉን እያየ ከሌለ ሰው ጋር ያወራ ጀመር። ከዚያ ወድቆ ተንፈራገጠ። ጎረቤት ክብሪት ጭሮ አፍንጫው ሥር ያዘለት፣ ሌላው «ጋኔን ነው፣ ጸበል ውሰዱት» አለ። እኔ ባጃጅ አስቁሜ ድንገተኛ ክፍል ወሰድኩት። ሐኪሙ የሚያረጋጋ መድኃኒትና ቫይታሚን ቢ አንድ ሰጠውና «ቤት ብታቆዩት ኖሮ…» ብሎ ዝም አለ። ጸበሉን አልጠላም፣ እናታችን በኋላ ወስዳዋለች፤ ግን መጀመሪያ ሐኪም።

የጤና መድን ካላችሁ ከጤና ጣቢያችሁ ሪፈር አጽፉ፤ ያለ ሪፈር ከሄዳችሁ ወጪው ከኪሳችሁ ነው። ለሱስ ሕክምና አማኑኤል ሆስፒታልም ጳውሎስ ሆስፒታልም አለ። ጠዋት ማልዳችሁ ውጡ፤ ከኮዬ ፈጬና ከቱሉ ዲምቱ መንገዱ ራሱ ቀኑን ይበላል።

3. ሚስቱ። ስለ እሷ ሁለት መስመር ብቻ ነው የጻፍሽው፤ እኔን ያሳሰበችኝ ግን እሷ ናት። የወንድሜ ሚስት ማታ ማታ በር ላይ ቆማ አፉን ታሸት ነበር። ኪሱን ትፈትሻለች፣ ከሥራ አምስት ደቂቃ ሲዘገይ ትደውላለች፣ ሌሊት አትተኛም። ፖሊስም ዳኛም ሐኪምም እሷ ሆነች። እሱ ተናደደ፣ እሷ ከሳች። አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ ስትነግረኝ እዚያ ለሱሰኞች ብቻ የሚያስችል ችሎት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ማያሚ ላይ ነው የተጀመረው። ዳኛው ራሳቸው ሰውየውን በየጊዜው እየጠሩ «እንዴት ሰነበትክ» ይሉታል፣ የምርመራ ውጤቱን ያያሉ፣ ሲበረታ ችሎቱ ያጨበጭብለታል። ወንድሜን ግን ፍርዱ ከተሰጠ በኋላ የጠራው የለም። ታዲያ ያንን የሚጠይቅ ሰው ከዘመድ መመረጥ አለበት፣ ሚስቱ ግን መሆን የለባትም።

እኛ ጡረታ የወጡ አጎታችንን ለመንን። ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ፣ መድኃኒቱን ያያሉ፣ የሐኪም ቀጠሮውን ይጠይቁታል፣ አምርረው ይቆጡታል፣ አብረውት ምሳ ይበላሉ። እሱም እሳቸውን ያፍራል። ሚስቱ በር ላይ መቆሙን አቆመች። ደሞዙ በቴሌብር በቀጥታ ለእናታችን ይገባ ነበር፤ ይህንን ሐሳብ ያመጣው እሱ ራሱ ነው። ከብሎካችን ምድር ቤት ግሮሰሪ አለ፣ በእሱ በር ሳያልፍ ቤቱ አይገባም። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ወራት ቢሾፍቱ አክስታችን ጋ ቆየ። ጨብሲ የሚጠሩት ጓደኞቹም እዚያ አላገኙትም። እናንተም ዘመድ ካላችሁ አስቡበት፤ ግን ሐኪሙን አማክሩ፣ ፍርድ ቤቱ አድራሻ እንዳይቀይር አዞት ከሆነም አስፈቅዱ።

ሚስቱ ለእርግዝና ክትትል ስትሄድ የቤቱን ነገር ለነርሷ ሳትደብቅ ትንገራት። የወንድሜ ሚስት ለአእምሮ ጤና ነርስ ከነገረች በኋላ ነው እንቅልፍ ያገኘችው። የወንድሜን ሚስት ስልክ በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ፤ ጠይቄያት ማታ ከሁለት ሰዓት በኋላ ብትደውልልኝ ደስ ይለኛል ብላለች።