ለማረጥ ጊዜ ሙቀት የተላከው እንክብልና የልብ ሕሙማን ጥንቃቄ

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 51 ነው፤ የምኖረውም ደሴ ነው። የወር አበባ ካየሁ 14 ወር አልፎኛል። ከዚያ ወዲህ ከደረቴ ተነሥቶ ወደ ፊቴ የሚወጣ ድንገተኛ ሙቀት ያስቸግረኛል፤ ሌሊትም ልብሴ በላብ እየራሰ ከእንቅልፌ እባንናለሁ። አሜሪካ የምትኖረው እህቴ «ከዕፅዋት ብቻ የተሠራ ነው» ብላ አንድ ብልቃጥ እንክብል ላከችልኝ። በብልቃጡ ላይ ብላክ ኮሆሽ፣ ሬድ ክሎቨር፣ ዶንግ ኳይ እና ሴንት ጆንስ ወርት የሚሉ ስሞች ተጽፈዋል። መውሰድ ከጀመርሁ 10 ቀን ሆኖኛል። ከስድስት ዓመት በፊት የልብ ቫልቭ በብረት ስለተተካልኝ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን የተባለ መድኃኒት በየቀኑ እወስዳለሁ። ጎረቤቶቼ ደግሞ ተልባ ይሻልሻል ይሉኛል። ዕፅዋት ምን ይጎዳል ብዬ ለሐኪሜ አልነገርሁም። ልቀጥል?

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ እንክብሉን ዛሬውኑ ያቁሙ፤ ዋርፋሪኑን ግን አንድም ቀን አያስታጉሉ፣ መጠኑንም በራስዎ አይቀይሩ። ከዚያም ብልቃጡን ይዘው በፍጥነት ወደሚከታተልዎ ሐኪም ይሂዱና አይኤንአር የተባለው የደም መርጋት ምርመራ ይደረግልዎ። እስከዚያው የድድ ወይም የአፍንጫ ደም ቢያስቸግርዎ፣ ሰገራዎ ቢጠቁር፣ ወይም በድንገት አንደበትዎ ቢያዝና አንድ ወገንዎ ቢዝል ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ይህን ያህል አጥብቀን የምንናገረው በብልቃጡ ውስጥ ካሉት ዕፅዋት ሁለቱ ከዋርፋሪን ጋር የሚጋጩ በመሆናቸው ነው። ሴንት ጆንስ ወርት ጉበት ዋርፋሪንን ፈጥኖ እንዲያስወግድ ስለሚያደርግ የመድኃኒቱ ኃይል ይቀንሳል፤ በብረት ቫልቭ ላይ ደም ቢረጋ ደግሞ የረጋው ደም ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል። ዶንግ ኳይ የተባለው የቻይና ሥር በተቃራኒው የመድኃኒቱን ኃይል ጨምሮ ደም መፍሰስ ሊያስከትል ይችላል። አንዱ ሲቀንስ ሌላው ስለሚጨምር ይካካሳሉ ብሎ መተማመን አይቻልም፤ የትኛው እንደሚያይል የሚያሳየው የደም ምርመራው ብቻ ነው። የሴንት ጆንስ ወርት ተጽዕኖ የሚለቀው ካቆሙት በኋላ በቀናትና በሳምንታት ውስጥ ስለሆነ የመጀመሪያው ውጤት ደኅና ቢሆን እንኳ ምርመራው ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ ይደገምልዎ።

እህትዎ በቅን ልብ እንደላከችልዎ አንጠራጠርም። ነገር ግን አሜሪካ ውስጥ በ1994 በወጣው ሕግ መሠረት እንዲህ ያሉ ተጨማሪ ምግቦች ለገበያ ከመቅረባቸው በፊት ፈዋሽነታቸውንና ደኅንነታቸውን ለመንግሥት ተቆጣጣሪ ማስመስከር አይጠበቅባቸውም። በሱቅ መደርደሪያ ላይ መገኘታቸው እንደ መድኃኒት ተፈትነው አልፈዋል ማለት አይደለም።

ጥቅማቸውም ቢሆን የሚወራውን ያህል አይደለም። በብላክ ኮሆሽ ላይ የተደረጉ 16 ጥናቶችን ኮክሬን የተባለው ዓለም አቀፍ የጥናት ገምጋሚ ተቋም በ2012 መርምሮ፣ ዕፁ መድኃኒት ከሌለበት ማስመሰያ ክኒን በተሻለ ሙቀቱን እንደሚቀንስ የሚያሳይ በቂ ማስረጃ አላገኘም። ከዚህም በላይ፣ ቁጥራቸው ጥቂት ቢሆንም፣ ብላክ ኮሆሽ ከወሰዱ በኋላ ጉበታቸው የተጎዳ ሰዎች አሉ። የማገጥ ዘመድ የሆነው ሬድ ክሎቨርም ውጤቱ ከጥናት ጥናት የተለያየ ነው። በእነዚህ ጥናቶች ውስጥ ማስመሰያ ክኒን የወሰዱ ሴቶችም ብዙውን ጊዜ በግልጽ ይሻላቸዋል። ስለዚህ «ወስጄው ተሻለኝ» የሚል ሰው አልዋሸም፤ ያሻለው ግን ዕፁ ላይሆን ይችላል።

ተልባን በተመለከተ፣ አሜሪካ ውስጥ በ188 ሴቶች ላይ በተደረገ ጥናት ተልባ ያለበትን ምግብ በየቀኑ ለስድስት ሳምንት የበሉት ተልባ ከሌለበት ምግብ ከበሉት የተለየ እፎይታ አላገኙም። እንደ ምግብ በልክ ቢጠጡት አንቃወምም፤ ነገር ግን የሚያዝለገልግ ስለሆነ የሌሎች መድኃኒቶችን ከአንጀት መመጠጥ ሊያዘገይ ይችላልና ከዋርፋሪኑ ጋር በተመሳሳይ ሰዓት አይጠጡት። ተልባ ከጠቀስን ዘንድ ጎመንንም እናስታውስዎ፦ በጾም ወራት ጎመን ሲበዛ በውስጡ ያለው ቫይታሚን ኬ የዋርፋሪንን ኃይል ይቀንሳል። ጎመን ይተዉ ማለታችን አይደለም፤ መጠኑ ከሳምንት ሳምንት እንዳይለዋወጥ ነው።

ከሁሉ በላይ ያሳሰበን ግን የሌሊቱ ላብ ነው። የወር አበባዎ ከተቋረጠ ከአንድ ዓመት በላይ ስለሆነዎ ማረጥዎ አያጠራጥርም፣ ላቡም ከዚያ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ሰው ሠራሽ ቫልቭ ያለው ሰው የሌሊት ላብ ሲያስቸግረው በቫልቩ ላይ ኢንፌክሽን አለመኖሩ መረጋገጥ አለበት። በአገራችን ደግሞ የሳንባ ነቀርሳም ይታሰባል። በቴርሞሜትር የሚለካ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ክብደት መቀነስ ወይም የማይለቅ ሳል ካለ ሐኪሙ ሳይጠይቅዎ ቀድመው ይንገሩት። የማረጥ ሙቀት አብዛኛውን ጊዜ ለጥቂት ደቂቃ መጥቶ ያልፋል፤ እውነተኛ ትኩሳት ግን በቴርሞሜትር ላይ ይታያል።

እነዚህ ከተጣሩና ሙቀቱ ከማረጥ ብቻ መሆኑ ከታወቀ ዝም ብለው እንዲሠቃዩ አንመክርም። ዕድሜያቸው ከ60 በታች ለሆነና ሌላ ሕመም ለሌለባቸው ብዙ ሴቶች ከሁሉ የበለጠ የሚያሻለው የሆርሞን ሕክምና ነው፤ የሚዋጠው ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ግን የደም መርጋትን ስለሚያባብስ ለእርስዎ ተስማሚ አይደለም። ሆርሞን የሌለባቸው መድኃኒቶችም አሉ። ከእነዚህ አንዱ ጋባፔንቲን ነው፤ ሲዋጥ እንቅልፍ ስለሚያመጣ በተለይ ሌሊት ላብ ለሚያባንናቸው ሴቶች ማታ ማታ ይታዘዛል፣ ከዋርፋሪን ጋርም የሚታወቅ ጉልህ ግጭት የለውም። ለእርስዎ ይስማማ እንደሆነ የልብ ሐኪምዎና የማህፀን ሐኪምዎ ተነጋግረው ይወስኑ፤ ብልቃጡንም ለሁለቱም ያሳዩ።